የተፈረመው ግብ ገበያው ድረስ ይደርሳል?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር ገበሬው ማሳው ላይ ነው። ክረምቱ ገብቷል፣ ዘሩ መሬት ይዟል፣ አረሙም ጊዜ አይሰጥም። በዚያው ሰሞን በወልቂጤና በቡታጅራ የመንግሥት ቢሮዎች ሌላ ዓይነት ሥራ ይጧጧፋል። ያለፈው ዓመት አፈጻጸም ይገመገማል፣ የአዲሱ ዓመት ዕቅድ ከበላይ አካል ወደ ታች ይወርዳል፣ ኃላፊዎችም የግብ ስምምነት ይፈራረማሉ።

ነገሩ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከቸሃ ወይም ከአበሽጌ ቆጮና አቮካዶ ጭኖ ወልቂጤ የሚገባው፣ ከመስቃን ወይም ከማረቆ በርበሬውን ይዞ ቡታጅራ ገበያ የሚወርደው አርሶ አደር ኑሮው በዚያ ሰነድ ላይ በተጻፈው ብቻ ሳይሆን ሳይጻፍ በቀረውም ይወሰናል። የገበያው መግቢያ በዝናብ ጊዜ ጭቃ የሚሆነው፣ የከብት ተራው አጥርና ውኃ የሚኖረው ወይም የማይኖረው፣ ቄራው የሚሠራው ወይም የሚዘጋው አንድ አካል ግብ አድርጎ ስለያዘው ወይም ስለዘለለው ነው።

በመሆኑም ሦስት ጥያቄዎች ተገቢ ይሆናሉ። ግቡን የሚያወጣው ማን ነው? የሚለካውስ? ግቡ ሳይሳካ ሲቀር ተጠያቂው የታችኛው እርከን ብቻ ነው ወይስ የላይኛውም?

ግብ ሲወርድና ግብ ሲወጣ

ወረዳዎች በበጀታቸው የመወሰን ሥልጣን ያገኙት በ1994 ዓ.ም በተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ነው። በወቅቱ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ለወረዳዎቻቸው ጥቅል በጀት በቀመር ማከፋፈል ጀመሩ። ዓላማው ገንዘቡም ውሳኔውም ለሕዝቡ ቅርብ ይሁን የሚል ነበር። ይሁንና ከጥቅል በጀቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ በመሆኑ ወረዳው በራሱ ፍላጎት ለልማት የሚያውለው ገንዘብ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል።

ቀጥሎ የመጡት የለውጥ መሣሪያዎች፣ በተለይ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥና ሚዛናዊ የውጤት ምዘና፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በሚቆጠር ግብ እንዲሠራ አደረጉ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም የተተገበረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ እስከ 2012 ዓ.ም የቀጠለው ሁለተኛውና አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ አገራዊ ቁጥሮችን አስቀምጠዋል። ቁጥሮቹ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳና ከተማ አስተዳደር፣ ከዚያም ወደ ቀበሌ ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ የሚያርፉት በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማስታወሻ ደብተር ላይ ነው።

የአሠራሩ ጥቅም ግልጽ ነው። ግብ የሌለው መሥሪያ ቤት በምን ይጠየቃል? አገራዊ ዕቅድ ያለ አካባቢያዊ ድርሻም ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ያለው ቁጥሩ ሲወርድ የሚያገናዝበው ሰው ሲጠፋ ነው። ወይና ደጋና ደጋ፣ መስኖ ያለውና የሌለው፣ እንሰት የሚያለማውና በቆሎ የሚዘራው ቀበሌ ተመሳሳይ ድርሻ ሲሰጣቸው ግቡ መመሪያ መሆኑ ይቀርና ዕዳ ይሆናል። ዕዳ የተጫነበት ባለሙያ ደግሞ የመጀመሪያ ጭንቀቱ ሪፖርቱ ነው፤ ማሳው ሁለተኛ ይሆናል።

ከ117ቱ ከተሞች መካከል

በኢትዮጵያ የከተማ አስተዳደርና የፌዴራል መንግሥት ግብን እንደ ውል ይዘው በስፋት የሠሩበት ምሳሌ ከግብርናው ይልቅ በከተማ ልማት ዘርፍ ይገኛል። በ2000 ዓ.ም በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተሞች አካባቢያዊ አስተዳደር ልማት ፕሮጀክት በጥቂት ከተሞች ተሞክሮ በ2006 ዓ.ም መጨረሻ ላይ በጸደቀው ሁለተኛ ምዕራፍ 44 ከተሞችን አቀፈ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም ደግሞ ባንኩ 600 ሚሊዮን ዶላር የመደበለት የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ መርሐ ግብር ጸድቆ የከተሞቹ ቁጥር 117 ደረሰ። ወልቂጤና ቡታጅራ ከእነዚህ 117 ከተሞች መካከል ነበሩ።

የመርሐ ግብሩ አሠራር ከተለመደው የበጀት ድልድል ይለይ ነበር። ከተማው ገንዘቡን ያገኝ የነበረው ከተማ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ዝቅተኛ መስፈርቶችን ማሟላት ነበረበት። ከመስፈርቶቹ መካከል በሕዝብ ተሳትፎ የተዘጋጀ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ የተመረመረ ሒሳብ፣ ሥርዓት ያለው ግዥ እንዲሁም የአካባቢና ማኅበራዊ ጥበቃ አሠራር ይገኙበት ነበር። ይህን ያሟላ ከተማ በየዓመቱ ነጥብ ይሰጠው ነበር። ነጥቡ ከፍ ሲል ድጎማው ከፍ ይል፣ ዝቅ ሲል ድጎማው ይቀንስ ነበር። ከተማውና ክልሉም የየድርሻቸውን መዋጮ ያስገቡ ነበር።

ከአርሶ አደሩ አንጻር ትምህርት የሚሆኑ ሦስት ነገሮች በዚህ አሠራር ውስጥ አሉ። አንደኛ፣ የተፈቀዱት የሥራ ዓይነቶች ዝርዝር ከላይ ቢወጣም ከዝርዝሩ ውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መፋሰሻ፣ የገበያ ቦታ፣ ቄራ፣ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ወይም የወጣቶች መሥሪያ ሼድ ብሎ ይመርጥ የነበረው ከተማው ነው። ሁለተኛ፣ ነጥቡን ይሰጥ የነበረው ከተማው ራሱ ሳይሆን ከውጭ የሚመጣ ገለልተኛ ገምጋሚ ነበር። ሦስተኛ፣ የተገነባው ብቻ ሳይሆን የተያዘበት መንገድም ይለካ ነበር። ያለውን ንብረት የመዘገበ፣ ለጥገና የሚውል ገንዘብ የያዘና ገቢውን የማሳደግ ዕቅድ ያዘጋጀ ከተማ የተሻለ ነጥብ ያገኝ ነበር።

በሌላ አነጋገር ስምምነቱ ሁለት ወገን ነበረው። ከተማው ይሠራ፣ የበላዩ አካል ደግሞ ቃል የገባውን ይከፍል ነበር። ይህ ለብዙ የግብርና ግቦች የጎደላቸው ነገር ነው።

ያልተቆጠረው ነገር

ያም ሆኖ በነጥብ የሚመራ ሥርዓት የራሱ ዕውር ቦታ አለው። የሚቆጠረው ሥራ ይሠራል፤ የማይቆጠረው ይዘገያል። የድንጋይ ንጣፍ መንገድ በሜትር ይለካል፤ የመፋሰሻ ቦይም እንዲሁ። አንዲት ቅቤና አይብ ይዛ በእግሯ ከገጠር የመጣች እናት ጥላ ሥር ተቀምጣ መሸጧን ግን የሚለካ መስፈርት በቀላሉ አይገኝም።

ለዚህ ከባዱ ምሳሌ የወልቂጤ የመጠጥ ውኃ ነው። የከተማዋ የውኃ እጥረት የቆየ ጥያቄ ሲሆን፣ በየካቲት 2015 ዓ.ም ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው አደባባይ በወጡበት ወቅት የሰው ሕይወት መጥፋቱ ይታወሳል። የከተማ ውኃ የራሱ ተቋም፣ የራሱ በጀትና የራሱ ዕቅድ አለው። የከተማ አስተዳደሩ የአፈጻጸም ነጥብ በሌላ ሰነድ፣ የውኃው ግብ በሌላ ሰነድ ይኖራል። ለነዋሪው ግን ሁለቱም አንድ መንግሥት ናቸው። ከተማ በመንገድና በሒሳብ አያያዝ ቢመሰገን እንኳ ጀሪካኑ ባዶ ከሆነ ምዘናው የሕዝቡን ዋና ጥያቄ አልነካም ማለት ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። በጀት ዓመቱ የሚጀምረው በክረምት ነው። የግንባታ ሥራ በደንብ የሚንቀሳቀሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው። የጉራጌ አካባቢ ትልቁ የከብት ገበያ ደግሞ ከመስቀል በዓል በፊት ባሉት ቀናት ይደምቃል። ለመስቀል ሲያደልብ የከረመ አርሶ አደር ሰንጋውን ይዞ የሚወጣው አዲሱ በጀት ገና በእጅ ባልገባበት፣ ያለፈው ዓመት ሥራም ተጠናቆ በማያውቅበት ወቅት ነው። የከብት ተራን ማሻሻል በግብነት የያዘ ከተማ ሥራውን እስከ ሰኔ 30 ቢጨርስ በሪፖርቱ አሳካ ይባላል። ለገበሬው የሚጠቅመው ግን ሥራው ለመስቀል ገበያ ሲደርስ ነው። ግብ ቀን ሲቆረጥለት የበጀቱን መዝጊያ ብቻ ሳይሆን የገበያውን የቀን መቁጠሪያም ማየት አለበት።

የችግኝ ቁጥርና የእንሰት ዕድሜ

ወደ ግብርናው ግቦች ሲመጣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የተያዘው የ30-40-30 የፍራፍሬ ልማት እንቅስቃሴ አንድ አባወራ በመጀመሪያው ዓመት 30፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 30፣ በድምሩ 100 የፍራፍሬ ችግኝ እንዲተክል ያለመ ነው። በሦስት ዓመት የተከፋፈለ መሆኑ ጥሩ ጎኑ ነው፤ ቤተሰቡ በአንድ ክረምት ከአቅሙ በላይ እንዲተክል አያስገድደውም። ጥያቄው የሚነሣው በመለኪያው ላይ ነው። የተዳቀለ አቮካዶ ፍሬ መስጠት የሚጀምረው በአማካይ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው ሪፖርት የተተከለውን ከቆጠረና የጸደቀውን ካልቆጠረ፣ በበጋ ውኃ አጥቶ የደረቀው ችግኝ እንደ ስኬት ተመዝግቦ ይቀራል። በሚቀጥለው ክረምት በዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ ችግኝ ሲተከል ደግሞ ሁለተኛ ስኬት ይሆናል።

በእንሰት ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። በመካከሉ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየተዛወረ ይተከላል፤ እርሻውም ከቤቱ ዙሪያ የማይለይ፣ በሴቶች ጉልበት የሚደገፍ ነው። በዓመታዊ ግብ ላይ ይህ ሥራ በሄክታርም በኩንታልም ለመጻፍ አይመችም። ስለዚህ በየዓመቱ የሚቆጠሩት ስንዴና በቆሎ የባለሙያውን ጊዜ ሲወስዱ፣ ቤተሰቡን በክፉ ቀን የሚያቆመው ተክል ወደ ጎን ሊገፋ ይችላል።

የእንሰት አጠውልግ በሽታም ይህንኑ ያሳያል። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን የሚድንበት መድኃኒት የለም። መከላከያው የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር፣ የመቁረጫ ቢላዋውን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት፣ ከታመመ ጓሮ ችግኝ አለመውሰድ ነው። ይህ ደግሞ አንድ ቤት ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም። ጎረቤት ካልነቀለ የነቀለው ሰው ድካም ከንቱ ነው። ግቡ «ይህን ያህል አርሶ አደር ሥልጠና ወሰደ» ተብሎ ሲጻፍ በቀላሉ ይሳካል። «ይህ መንደር በሙሉ የታመመውን አስወገደ፣ በተከታዩ ዓመትም አልታየበትም» ተብሎ ሲጻፍ ግን ባለሙያው ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብሎ መስማማት ይኖርበታል። የመጀመሪያው ግብ ከላይ ብቻ ሊወርድ ይችላል፤ ሁለተኛው ያለ ነዋሪው ስምምነት አይኖርም።

በርበሬው በወረዳ፣ ገበያው በከተማ

ሌላው ክፍተት ያለው በሁለት አስተዳደሮች መካከል ነው። የማረቆ በርበሬ በአገር ደረጃ የታወቀ ምርት ነው። የማረቆ ልዩ ወረዳ ግብ በሄክታርና በኩንታል ይጻፋል። ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫና የአካባቢው ትልቅ ገበያ ናት፤ የከተማዋ ግብ በመንገድ፣ በገቢና በሥራ ዕድል ይጻፋል። በርበሬው ከማሳ ወጥቶ በእርጥብ መሬት ላይ ሲደርቅ ሻጋታ ቢይዝ፣ ገበያ ላይ ዋጋው ቢወድቅ የማን ግብ ነው የከሸፈው? ወረዳው ምርቱን አሳክቷል። ከተማዋም መንገዷን ሠርታለች። የከሰረው ገበሬው ብቻ ነው።

በወልቂጤም ተመሳሳይ ነው። የጅማ መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ከቸሃ፣ ከአበሽጌ፣ ከእዣና ከሌሎች ወረዳዎች ምርት ትቀበላለች። ከደጋው የሚወርደው ድንችና ገብስ፣ ከወይና ደጋው የሚመጣው አቮካዶና ጫት የሚራገፈው ከተማዋ ውስጥ ነው። የወረዳዎቹ ግብና የከተማዋ ግብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይገናኙ ከጸደቁ መጋዘንና ማራገፊያ ሁልጊዜ የሌላው ድርሻ ሆነው ይቀራሉ።

የመዋቅር ለውጡ ይህን ለማረም ዕድል ከፍቷል። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ የክልሉ ተቋማት መቀመጫ በአንድ ከተማ ብቻ ሳይወሰን በተለያዩ ከተሞች ተደልድሏል። ቀድሞ ሐዋሳ ድረስ ይወሰድ የነበረው ዕቅድ አሁን በቅርብ ይታያል። በአንጻሩ ወልቂጤና ቡታጅራ በሁለት ዞኖች ሥር ሆነዋል፤ እርከኑ በተከፋፈለ ቁጥር በመካከል የሚወድቀው ሥራ እንዳይበዛ ጥንቃቄ ያሻል።

ከሌሎች አገሮች

ሩዋንዳ ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ «ኢሚሂጎ» የተባለ አሠራር ትከተላለች። የወረዳ አስተዳዳሪዎች በየዓመቱ ከአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጋር ግብ ይፈራረማሉ፤ ስሙም የተወሰደው በሕዝብ ፊት ቃል ከመግባት ባህል ነው። አሠራሩ አገልግሎትን በማፋጠን ሲመሰገን፣ አስተዳዳሪዎች ቁጥር ለማሟላት በገበሬው ላይ ጫና ያደርጋሉ የሚል ትችትም ቀርቦበታል። በጊዜ ሂደት ምዘናው ከአስፈጻሚዎቹ ውጪ ላሉ ተቋማት መሰጠቱ የራስን ፈተና ራስ የማረም ችግርን ለመቀነስ ነበር።

በእንግሊዝ ደግሞ የአካባቢ አስተዳደሮችና ማዕከላዊው መንግሥት የጋራ ስምምነት መፈራረም ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥርዓቱ ሲሻሻል ከ198 አገራዊ መለኪያዎች ውስጥ እያንዳንዱ አካባቢ ከ35 ያልበለጡትን ለይቶ እንዲይዝ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ መንግሥት ሲመጣ ስምምነቶቹ ቀርተዋል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። ሁሉም ነገር ቅድሚያ ሲሰጠው ቅድሚያ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ስምምነት ደግሞ በበላይ አካል ፍላጎት ብቻ ከቆመ ፍላጎቱ ሲቀየር ይወድቃል።

የጀፎሮ ትምህርት

ለመተባበር ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጉራጌ መንደር ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ጀፎሮ፣ ማንም የግሉ ሳያደርገው ለትውልድ የተላለፈው ነዋሪው ራሱ ስለተስማማበትና በባህላዊ ሕጉ ስለሚያስከብረው ነው። በ1950ዎቹም የአካባቢው ተወላጆች በመንገድ ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው መዋጮ አሰባስበዋል፤ ከመንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ጋር ተባብረውም መንገድ አስወጥተዋል። ግቡን ያወጡት እነሱ፣ ሙያውን ያቀረበው መንግሥት ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን ተሸከመ።

ይህን ወደ ዛሬው የግብ ስምምነት ማምጣት ይቻላል። መጀመሪያ፣ ከላይ የሚወርዱት ግቦች ጥቂት ይሁኑ፤ የተቀሩትን ከተማውና ወረዳው ከነዋሪው ጋር ይምረጡ። ሁለተኛ፣ ገበያና ምርት የሚያገናኛቸው አስተዳደሮች ቢያንስ አንድ የጋራ ግብ ይፈራረሙ። ለምሳሌ ቡታጅራና ማረቆ በበርበሬ ማድረቂያና ማከማቻ፣ ወልቂጤና ዙሪያዋ በፍራፍሬና በአትክልት ማራገፊያ ላይ። ሦስተኛ፣ የላይኛው አካል ግዴታም በሰነዱ ላይ ይጻፍ። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና በጀት የሚደርስበት ቀን ካልተጻፈ የዘገየው ሌላ፣ የሚጠየቀው ሌላ ይሆናል። አራተኛ፣ ለችግኝ የሚለካው ጽድቀቱ፣ ለእንሰት ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ የሚታየው ውጤት ይሁን። አምስተኛ፣ ምዘናውን ሪፖርት አቅራቢው ብቻ አይሥራው፤ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና አርሶ አደሮች ይካተቱበት።

እነዚህ አዲስ ሕግ የሚጠይቁ አይደሉም። አብዛኞቹ በ117ቱ ከተሞች መርሐ ግብር ውስጥ በአንድም በሌላም መልኩ የተሞከሩ ናቸው። ከተማ ገንዘብ ያገኝ የነበረው ሒሳቡ ሲመረመርና ሥራው በሌላ ዓይን ሲታይ ከሆነ፣ የግብርና ግብም በዚያው ሚዛን ሊመዘን ይችላል።

የስምምነቱ ሰነድ በወልቂጤና በቡታጅራ አስተዳደር ግድግዳ ላይ፣ በገበያው መግቢያም ላይ በሚነበብ አማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ቢለጠፍ ወጪው ጥቂት ነው። በገበያ ቀን በርበሬውን ወይም ቆጮውን አራግፎ ቀና የሚል ገበሬ ምን ቃል እንደተገባለት ያነባል። ቆሞበት ያለው መሬት ጭቃ መሆን አለመሆኑን ደግሞ ራሱ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ምዘናው ሰኔ 30 ድረስ አይጠብቅም።